ልብን ሳይሸሽጉ መጸለይ፦ ጽኑ እምነት እንዴት ያድጋል?

በጎንደር አድባራት ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ምእመናን ለካህናት ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ ይነሣል፦ «ጸሎቴ ያልተሰማው እምነቴ ደካማ ስለሆነ ይሆን?» ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ጾሙንም ስግደቱንም የማያጓድሉ፣ ዳዊታቸውን ሳይደግሙ ከቤት የማይወጡ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የጎደለው ትጋት አይደለም። ጽኑ እምነት ማለት በልብ ውስጥ አንዳች ጥርጣሬ፣ ፍርሃትና ቅሬታ አለመኖሩ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር ስለ ሰደደ፣ እነዚህ ስሜቶች ሲመጡ ሰው ደንግጦ ከእግዚአብሔር ሊሸሽጋቸው ይሞክራል፤ ከዚያ በኋላ በቃሉ አንድ ነገር እየጸለየ በልቡ ሌላ ነገር ይዞ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው እምነት በእንዲህ ያለ መሸሸግ እንደማይጸና፣ ይልቁንም የሚያድገው ሰው ያለውን ልብ እንዳለ በአምላኩ ፊት ሲያቀርብ እንደሆነ ነው።

በቅድሚያ እምነት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። አንደኛው ገጽታው የምናምነው ነገር ራሱ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት የደነገጉትን መሠረት አድርገን በጸሎተ ሃይማኖት ዘወትር የምንመሰክረው ትምህርት ማለት ነው። ሌላው ገጽታው ሥራ ነው፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን በማያሻማ ቃል ጽፏል። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሕዝባችን ብዙ ትምህርት ሰምቷል። በመካከላቸው ያለውና ብዙ ያልተነገረለት ግን በእግዚአብሔር መታመን ነው፦ እርሱ እንደሚወደኝ፣ የምነግረውንም እንደሚሰማ አውቄ ራሴን በእጁ መጣል። ያው ያዕቆብ አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደሆነ አምነው እንደሚንቀጠቀጡ ሲናገር፣ ትምህርቱን ማወቅ ብቻውን መታመን እንዳልሆነ ያሳየናል። ጸሎታችን የሚታመመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በመካከለኛው ቦታ ነው።

የእምነትን መጠን በተመለከተ ጌታችን የሰጠው ምሳሌ የሰናፍጭ ቅንጣት ነው፤ ስለዚህ ትልቅነቱን መለካት የእኛ ሥራ አይመስለኝም። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ይበልጥ ግልጽ ነው። አንድ አባት ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚሠቃይ ልጁን ይዞ መጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ሊያድኑት አልቻሉም፤ ተስፋው የተሸረሸረው አባትም ጌታን «ቢቻልህ ግን እዘንልን እርዳንም» አለው። «ቢቻልህ» የሚል ሰው በሙሉ እምነት የተናገረ አይደለም። ጌታ ለሚያምን ሁሉ እንደሚቻል በነገረው ጊዜ፣ አባትየው ጥርጣሬውን ዋጥ አድርጎ «አምናለሁ» ብቻ ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። እርሱ ግን ጮኾ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ። ልጁም ዳነ። ጌታ «መጀመሪያ ጥርጣሬህን አጥርተህ ና» አላለውም፤ ያለውን ቅንጣት እምነት ከነአለማመኑ ተቀበለለት። አባትየው ከልጁ ሕመም ሌላ አንድ ሁለተኛ ሕመም፣ ማለትም የራሱን አለማመን፣ አብሮ አቀረበ፤ ለዚያም እርዳታ ለመነ። ጥርጣሬ ያለበት ሰው ሊያደርገው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ጥርጣሬውን ከጸሎቱ ማስወጣት ሳይሆን የጸሎቱ ርእስ ማድረግ።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የሚታየውን አንድ እንግዳ ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። ጎንደር ዳዊት የሚደገምባት ከተማ ናት። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ልጅ ፊደል ቆጥሮ ንባብ ከለየ በኋላ ዳዊት ይደግማል፤ በቤቱም የሚጸልይ ሰው 150ውን መዝሙራት አሥር አሥር እያደረገ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ከፍሎ፣ ከሰኞ ጀምሮ ለየዕለቱ የተመደበውን ያደርሳል። የሰኞ ዳዊት የሚደግም ሰው 12ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» እያለ ነው። ጥቂት አለፍ ብሎ 21ኛው ላይ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ይላል። 87ኛው መዝሙር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልቅሶ ነው፤ ሌሎቹ የመከራ መዝሙራት እንደሚያደርጉት በምስጋና እንኳ አይዘጋም፤ ወዳጅና ዘመድ ስለ ራቀው ሰው ተናግሮ በዚያው ያበቃል። እነዚህን ቃላት በየሳምንቱ በአፋችን እየደገምን፣ ያንኑ ቃል በራሳችን ኑሮ ስንፈልገው ግን «እግዚአብሔር ረስቶኛል ማለት ክህደት ነው» ብለን እንፈራለን። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን መዝሙራት ከጸሎት መጽሐፋችን አላወጣቻቸውም፤ ለየዕለቱ ከፋፍላ በእጃችን ሰጠችን እንጂ። ሐዘን በማይሰማን ቀን ስለ ሌላው ሐዘንተኛ እየጸለይንባቸው እንቆያለን፤ የእኛ ተራ ሲደርስ ደግሞ ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል።

12ኛውን መዝሙር ልብ ብሎ የሚያነበው ሰው በአጭር ቃል ውስጥ ትልቅ ጉዞ ያገኛል። በ«እስከ መቼ» ይጀምራል፤ ቀጥሎ «ተመልከተኝ፥ ስማኝም» ብሎ ይለምናል፤ በመጨረሻም «እኔ ግን በምሕረትህ ታመንሁ» ይላል። በመካከሉ የዳዊት ጠላቶች መሸነፋቸው ወይም ችግሩ መወገዱ አልተጻፈም። ወደ መታመን የደረሰው እንባውን ዘሎ በማለፍ አይደለም፤ በእንባው ውስጥ አልፎ ነው። እንባውን የሚዘል ሰው ታማኝ መስሎ ይታያል እንጂ ያልተነገረው ቅሬታ በውስጡ እየከረረ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ጸሎቱ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜው ከየት እንደመጣም ራሱ አያውቀውም። ልጅ ከእንግዳ ሰው ፊት ቃሉን መርጦ ይናገራል፤ እናቱ ዘንድ ሲገባ ግን ያለቅሳል፣ ያማርራል፣ «ለምን?» ይላል፤ ይህን የሚያደርገው እናቱን ስለናቀ ሳይሆን እንደማትጥለው ስለሚያውቅ ነው።

ይህን ሲሰሙ «ታዲያ እስራኤል በምድረ በዳ በማጉረምረማቸው አልተቀጡምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ልዩነቱንም በጥንቃቄ መመልከት ያስፈልጋል። ኦሪት ዘዳግም እንደሚለው እስራኤል በድንኳኖቻቸው ውስጥ አጉረመረሙ፤ እግዚአብሔር ጠልቶን ከግብፅ አወጣን እያሉ ስለ እርሱ እርስ በርሳቸው ተናገሩ፤ ወደ ኋላም ሊመለሱ ፈለጉ። ዳዊት ግን ስለ እግዚአብሔር አላወራም፤ ለእግዚአብሔር ነገረው። «ልመናዬን በፊቱ አፈስሳለሁ፥ መከራዬንም በፊቱ እናገራለሁ» ይላል በ141ኛው መዝሙር። ጻድቁ ኢዮብም እንዲሁ ነው። የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ ከእግዚአብሔር ጋር መከራከርም ተመኝቷል። ሦስቱ ወዳጆቹ በአንጻሩ እግዚአብሔርን የሚከላከሉ መስለው ያማሩ ቃላት ተናገሩ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነበር፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ፣ ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም አዘዘ። እርግጥ ነው፣ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ተናግሮ ኢዮብንም ገሥጾታል፤ ኢዮብም ያላስተዋለውን እንደተናገረ አምኖ ተጸጽቷል። ግልጽ ጸሎት የተናገርነው ሁሉ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ስሕተታችን የሚታረመው ግን በፊቱ ስንናገረው ነው።

የሳሙኤል እናት ሐና ይህን ሁሉ በአንድ ጸሎት ታሳየናለች። መካን ነበረች፤ ጣውንቷ ታስቆጣት ነበር፤ በቤተ መቅደስ ቆማ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ስለነበር ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እርሷም ወይን እንዳልጠጣች ገልጻ «በእግዚአብሔር ፊት ነፍሴን አፈሰስሁ» አለችው። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚያ በኋላ የተጻፈው ነው፦ ዔሊ በሰላም ካሰናበታት በኋላ ሄዳ በላች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ እንደ ቀድሞው አላዘነም። ገና አልፀነሰችም፤ ጣውንቷም እዚያው ቤት ናት። የተለወጠው ሸክሙ በማን ላይ እንዳለ ብቻ ነው።

የሐና ጸሎት ስእለትም ነበረበት፤ ስለዚህ በከተማችን ብዙ ቦታ ስላለው ስእለት አንድ ነገር ማለት ይገባል። በንግሥ በዓል ቀን ለታቦት የሚገባውን ጥላ፣ መጋረጃ፣ ጧፍና ዕጣን የተመለከተ ሰው የስንቱ እንባ እንደተሰማ ይመሰክራል፤ ይህም የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን ስእለት ወደ ዋጋ ድርድር የሚለወጥበት ጊዜ አለ። «ይህን ካደረግህልኝ ያን እሰጥሃለሁ» የሚለው ሰው እግዚአብሔር ከስጦታው ውጪ እንደማይራራለት በልቡ ፈርዷል ማለት ነው። ሐና ለመስጠት የተሳለችው የለመነችውን ልጅ ራሱን ነው፤ ከእግዚአብሔር የተቀበለችውን ለእግዚአብሔር ልትመልስ። በስእለት ውስጥ መታመን መኖሩን የሚያሳየን፣ የለመነው ነገር ባይሆንለትም ሰውየው ያንኑ ደጅ መሳሙን የሚቀጥል መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። በእምነት ለምኖ ያላገኘ ሰው አለን? መጽሐፍ ቅዱስ አለ ይላል፤ ያውም ከቅዱሳን መካከል። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 በእምነት የአንበሶችን አፍ የዘጉትን ከቆጠረ በኋላ፣ በዚያው እምነት የተገረፉትን፣ በድንጋይ የተወገሩትንና በመጋዝ የተሰነጠቁትን ያለ ምንም ልዩነት ከእነርሱ ጋር ይቆጥራቸዋል። በታኅሣሥ ገብርኤል የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እቶኑ ከመጣላቸው በፊት የተናገሩት ቃልም ሁለት ክፍል አለው፦ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ለምስልህ አንሰግድም። መልአኩ የወረደው ይህን ከተናገሩ በኋላ ነው፤ እምነታቸውም እሳቱ ከመብረዱ በፊት ሙሉ ነበር።

ለዚህ የጎንደር ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ወደ ከተማዋ ገብተው ብዙዎቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች፤ አባቶቻችን እንደሚተርኩት ንብ ወጥቶ ወራሪዎቹን አባረራቸው። ይህን ታሪክ ሁላችንም በኩራት እንናገራለን፤ መናገራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በተቃጠሉት አድባራት ያገለግሉ የነበሩት ካህናትና በዚያ ያለቀሱት ምእመናን እምነታቸው ከደብረ ብርሃን አገልጋዮች ያነሰ ነበርን? ማንም ጎንደሬ አዎን ብሎ አይመልስም። የተቃጠሉትንም አድባራት ልጆቻቸው መልሰው ሠሩ፤ ታቦታቱም ጥር 10 ቀን ዛሬም ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። መትረፍ የእምነት መለኪያ ከሆነ፣ እነዚያን ሰዎች ሁሉ ልንኰንን ነው። ስለዚህ ልጁ የሞተበትን፣ ሥራ ያጣውን ወይም በሽታው ያልለቀቀውን ወንድማችንን «እምነት ቢኖርህ ኖሮ» ከማለት መቆጠብ አለብን። ይህ ቃል በሐዘን ላይ በደል መጨመር ነው፤ የኢዮብ ወዳጆች ስሕተትም ይኸው ነበር። በጸበል የቆየ ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ መገፋፋትም ከዚሁ ስሕተት ይወለዳል። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል፤ ሕመምተኛው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥም በአንድነት ያዝዛል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው በጣሪያው ላይ በተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ላይ ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ግን ስቅለቱ ተሥሏል፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ ሥላሴ አሉ። በስቅለት ቀን በቤተ ክርስቲያን የምንሰማው 21ኛው መዝሙር፣ «ለምን ተውኸኝ?» የሚለው፣ በመስቀል ላይ የጌታችን ጸሎት ሆኗል። በሥጋ ማርያም የተገለጠው አምላክ የሰውን ጩኸት የራሱ አድርጎ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ በአባቱ እጅ ነፍሱን ሰጠ። ሁለቱም ቃላት የአንድ ቀን፣ የአንድ አንደበት ጸሎት ናቸው።

በጌቴሴማኒም የሆነው እንዲሁ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት የሚጠቅም ይመስለኛል። ብዙ ሰው ጸሎቱን ሲጀምር «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ ይጀምራል፤ የሚፈልገውን ነገር ግን ጨርሶ አይናገርም። ትሕትና ይመስላል፤ አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ትሕትና ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቅር መሰኘትን መፍራት ነው፦ ካልለመንሁ አልከለከልም የሚል ስሌት። ጌታችን ግን በመጀመሪያ ፈቃዱን ገልጦ «አባቴ፥ ቢቻልስ፥ ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» አለ፤ ቀጥሎ «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» አለ። ያልተነገረ ፈቃድን አሳልፎ መስጠት አይቻልም። ሰው «ልጄ እንድትድን እፈልጋለሁ፤ ብትሞትብኝ እንዴት እንደምኖር አላውቅም» ብሎ ከተናገረ በኋላ «ፈቃድህ ይሁን» ሲል፣ በእርግጥ አንድ ነገር በእግዚአብሔር እጅ አኑሯል። በአቡነ ዘበሰማያትም ፈቃድህ ይሁን ካልን በኋላ የዕለት እንጀራችንን እንለምናለን፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ታዲያ «የጸለያችሁትን የለመናችሁትንም ሁሉ እንዳገኛችሁት እመኑ» የሚለው የጌታ ቃልና ሳይጠራጠር ይለምን የሚለው የያዕቆብ ቃል እንዴት ይታረቃሉ? ያዕቆብ በዚያ ቦታ የሚናገረው ጥበብን ስለመለመን ሲሆን፣ የሚወቅሰውም ሁለት አሳብ ያለውን፣ ግማሽ ልቡን ለእግዚአብሔር ግማሹን ለሌላ የሰጠውን ሰው ነው፤ ያን የማርቆስ ወንጌል አባት አይደለም፤ እርሱ ጥርጣሬ ቢኖርበትም የሚሄድበት ሌላ ደጅ አልነበረውም። የጌታችንን ቃል ደግሞ በጌቴሴማኒ ከጸለየው ጸሎት ለይተን ልናነበው አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ እንደ ፈቃዱ ብንለምን እንደሚሰማን ጽፏል። ስለዚህ በእርግጠኝነት የምንይዘው የሚሰማን መሆኑን ነው፤ የመልሱን ዓይነት መወሰን የእርሱ ነው።

እንዲህ ያሉ ጥቅሶችን ጎን ለጎን አድርጎ መጠየቅን የሚፈራ ሰው፣ የጎንደር ሊቃውንትን ወግ ቢያስታውስ ይጽናናል። በዚህች ከተማ የተስፋፋው የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም» እያለ በየመልኩ ያወጣዋል፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ ካቋቋሙት «ታች ቤት» ከሚባለው የትርጓሜ ትምህርት ቤት ጎን «ላይ ቤት» የሚባለውም ነበረ፤ ደቀ መዝሙርም መምህሩን እየጠየቀ ነበር የሚማረው። ጥያቄ እምነትን የሚያፈርስ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ትምህርት ባልኖረ ነበር።

በተግባር ከየት ይጀመር? ሥርዓቱን ሳይተዉ። ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ያሉት ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለሠራተኛ ሰው ሁሉ ባይመቹም፣ ጠዋትና ማታ ቢያንስ ተለይቶ የሚታወቅ ጊዜ መኖሩ ይጠቅማል፤ ስሜት የሚነሣና የሚወድቅ ነገር ስለሆነ ጸሎት በእርሱ ላይ ሊመሠረት አይችልም። የጸሎት መጽሐፍን ወይም 41ዱን ኪርያላይሶን መደጋገም ጌታ የነቀፈው ከንቱ ድግግሞሽ ነው የሚሉ አሉ፤ እርሱ ራሱ ግን በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ደግሞ ጸልዮአል። የተነቀፈው በቃል ብዛት እግዚአብሔርን ማስገደድ እንችላለን ብሎ ማሰብ ነው። ከተጻፈው ጸሎት በኋላ ግን መጽሐፉን አጥፎ ጥቂት መቆም፣ በገዛ ቋንቋ፣ በቤት በምንነጋገርበት አማርኛ፣ የዕለቱን ነገር በስሙ ጠርቶ መናገር ያስፈልጋል፦ የተቆጣሁበትን ሰው፣ የፈራሁትን ዕዳ፣ ያፈርሁበትን ኃጢአት። «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ወንድሜን በዋሸሁበት ነገር ማረኝ» ማለት ይከብዳል፤ ግን የሚፈውሰው ሁለተኛው ነው። በሉቃስ ወንጌል ቀራጩ ጸድቆ የተመለሰው ረጅም ቃል ስለ ነበረው አይደለም። ይህን ልማድ ያደረገ ሰው ለነፍስ አባቱ መናዘዝም ይቀለዋል፤ በእግዚአብሔር ፊት ስሙን የጠራውን ነገር በካህኑ ፊት መናገር አይከብደውም፤ ከንስሐውም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይደርሳል። የእግዚአብሔርን ቃል መስማት፣ ጾም፣ ምጽዋት ሁሉ እምነትን እንደሚያሳድጉ አንባቢ ስለሚያውቅ እዚህ አላረዝመውም።

ጨርሶ መጸለይ ያቃተው ሰው ግን ይኖራል፤ ሐዘን አፉን የዘጋው፣ ዳዊቱን ከፍቶ ፊደሉን ብቻ የሚያይ። እርሱ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን ሽባ ሰው ያስታውስ። አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው አወረዱት፤ ጌታም እምነታቸውን አይቶ ሽባውን «አንተ ልጅ፥ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው። ወንጌላዊው ሽባው አንዳች ቃል እንደተናገረ አልጻፈም። እንዲህ ያለ ሰው ለአንድ የታመነ ወዳጁ «መጸለይ አልቻልሁም፤ አንተ ጸልይልኝ» ብሎ መንገር ይበቃዋል። ይህን የሰማ ወዳጅ ደግሞ ምክር ከመስጠቱ በፊት የክርስትና ስሙን ጠይቆ በዚያው ዕለት በጸሎቱ ያስበው፤ በማግስቱም ሄዶ ይጠይቀው።